በነፃ ይታደላል የተባለው መጽሐፍ

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት የእናት ሐሳብ በስንት በኩል እንደሚከፋፈል ለእናንተ ለአንባብያን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ደብተሩና እስክሪብቶው፣ የደንብ ልብሱና ጫማው በብድርም በዕቁብም ተብሎ ይሟላል። መጽሐፉ ላይ ሲደረስ ግን ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል የሚቸገርበት ጊዜ አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር የታተመው መጽሐፍ ለተማሪው ሁሉ ሳይዳረስ ቀርቶ፣ መምህራን በስልክ የሚነበበውን ቅጂ፣ ፒ.ዲ.ኤፍ. የሚሉትን፣ ለተማሪዎቻቸው ያድሉ እንደ ነበር የምታስታውሱት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለብዙ ልጆች መጽሐፍ ማለት በእናት ስልክ መስተዋት ላይ የሚታይ ነገር ሆኗል።

ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ልጅ ከጨዋታ ይልቅ መጽሐፍ ለማየት ስልክ ቢለምን እሰየው የሚያሰኝ ነው። ክፉው ነገር፣ ልጁ መጽሐፍ ፍለጋ ወደ ኢንተርኔት በገባ ቁጥር መንገድ ዳር ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች መኖራቸው ነው። «የፈለጋችሁት መጽሐፍ፣ ያለ ክፍያ፣ አሁኑኑ» እያሉ ይጠራሉ። መጽሐፉ ግን የለም። በእጃቸው ኖሮም አያውቅም። የሚፈልጉት የእናትየውን ስልክ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣን ከገፈርሳ የደረሰን ወሬ ነበር። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 18 ኪ.ሜ. ያህል ወጣ ብሎ ይገኛል። የአዲስ አበባ ሰው ቦታውን የሚያውቀው በግድቡ ነው፤ ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከተማይቱ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚሄደው ከዚሁ ነውና። ዛሬ አካባቢው እንደ ቡራዩ፣ እንደ ሰበታና እንደ ሱሉልታ ሁሉ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለ ሲሆን፣ ሜዳ የነበረው ቦታ በመኖሪያ ቤት ተሞልቶ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ የሚሠማሩ እናቶች በታክሲ ሰልፍ የሚገናኙበት ሠፈር ሆኗል። እናት ሥራ ውላ ማታ ስትመለስ ስልኳን የሚቀበላት ልጅ ነው። እርሷ እራት ታቀርባለች፣ ልጅ ያጠናል። ስልኩ ውስጥ ያለው ግን የልጁ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደመወዙም፣ የዕቁቡ መዋጮም፣ ለዘመድ የሚላከው ብርም በዚያችው ስልክ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

ያነጋገርናቸው ወይዘሮ በአንድ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። የ24 ሴቶች ዕቁብ ጸሐፊም ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ ታሪካቸውን ስትሰሙ ምክንያቱ ይገባችኋል።

የወይዘሮዋ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነች። ጓደኞቿ ለብሔራዊ ፈተና የሚያዘጋጅ የሒሳብ መጽሐፍ አለ ብለው ስሙን ነገሯት። ዋጋውን ጠይቃ የእናቷ አቅም እንደማይደርስበት ስላወቀች ምንም ሳትናገር አንድ ምሽት የእናቷን ስልክ ይዛ ስሙን ጻፈችና ፈለገች። ወዲያው አንድ ገጽ ተከፈተላት። የመጽሐፉ ሽፋን በሥዕል ይታያል፤ ከሥሩ ኮከብ ተደርድሯል፤ «በጣም ጠቅሞኛል» የሚሉ የአንባቢዎች ምስጋናዎች አሉ፤ መሐሉ ላይ «አውርድ» የሚል ትልቅ ቀይ ምልክት ይንቦገቦጋል። ስትነካው «ሰው መሆንዎን ለማረጋገጥ በቴሌግራም ይግቡ» አላት። የእናቷን ስልክ ቁጥር ሞላች። ከቴሌግራም ራሱ ባለ 5 አኃዝ ቁጥር መጣ። ያንንም ሞላች። ገጹ «ፋይሉ በመዘጋጀት ላይ ነው» ብሎ መሽከርከር ጀመረ፤ ቢጠበቅ ቢጠበቅ ከዚያ አላለፈም። ልጅቱ «ኔትወርክ ነው» ብላ ስልኩን አስቀምጣ ተኛች።

በማግሥቱ እናትየው ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ሳሉ ለዕቁብተኞቹ ሁሉ በስማቸውና በፎቶግራፋቸው መልእክት ይደርሳል። «እኅቴ፣ ድንገተኛ ነገር ገጥሞኝ ነው፤ 3 ሺህ ብር ካለሽ ነገ ማታ እመልሳለሁ። የእኔ ስለማይሠራ በወንድሜ ቁጥር ላኪልኝ» ይላል። አነጋገሩ የእሳቸው ነው። ሌባው የቆየውን ደብዳቤያቸውን አንብቦ ማንን «እኅቴ» እንደሚሉ፣ ማንን «የኔ እናት» እንደሚሉ አጥንቶ ነበርና። ሦስት ሴቶች ላኩ።

«ዘጠኝ ሺህ ብር ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ዕጣዬ ሲደርስ ከዚያ ላይ እከፍላለሁ ብያለሁ» ይላሉ ወይዘሮዋ። «ሦስት ቀን ሙሉ ግን ሰው ሲያየኝ አንገቱን እያዞረ አለፈ። የላኩት ‹መቼ ትመልሳለች› ይላሉ፤ ያልላኩት ‹አፍራብን ነው› ይላሉ። አንዷማ ‹እትዬ፣ ከቸገረዎት በአካል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት› አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? የዕቁብ ገንዘብ የምጽፍ ሰው ነኝ። ስሜ ነው የተሰረቀው።»

ዕቁብ በወረቀት ውል እንደማይጠበቅ፣ በሰው ቃልና በሰው ስም ብቻ እንደሚቆም የምታውቁ ሁሉ የእኚህ እናት ጭንቀት ይገባችኋል። ልጅቱ ደግሞ በበኩሏ ነገሩን ከተረዳች በኋላ ለብዙ ቀን ስልክ መንካት ፈርታ ነበር። እናትየው አልገሠጿትም፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው ነው። የልጅቱ ጥፋት መጽሐፍ መፈለጓ ነው እንዴ?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ከሰማች በኋላ ነገሩን በዓይኗ ለማየት ፈለገች። እንዲህ ያሉ ገጾች አንዱን ከፍታ በዓለም ላይ ያልተጻፈ፣ እዚያው ቁጭ ብላ የፈጠረችውን የመጽሐፍ ርእስ ጻፈች። ገጹ ለቅጽበት ከተሽከረከረ በኋላ «ተገኝቷል» አለ! ርእሱ እንዳለ ሰፍሮ፣ ኮከቡ ተደርድሮ፣ ያልተጻፈውን መጽሐፍ አንብበው የተደሰቱ ሰዎች ምስጋና ከሥሩ ተሰልፎ ቀረበ። የፈለጋችሁትን ርእስ ጻፉ፣ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። መደርደሪያው ባዶ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አያስፈልግም፤ እናንተም ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ብታሳዩአቸው ከብዙ ምክር ይሻላል። ምንም ነገር ሳትሞሉና ሳታወርዱ፣ ርእሱን ብቻ ጽፋችሁ እዩ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንደ ወጥመዱ ዓይነት ይለያያል። አንዳንዱ እንደ ገፈርሳዋ እናት የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል። አንዳንዱ ስልክ ቁጥር ብቻ ተቀብሎ፣ ሳታውቁት በአጭር ቁጥር ለሚላክ የጽሑፍ መልእክት ደንበኛ ያደርጋችኋል፤ በየቀኑ ሳንቲሙ ከሂሳባችሁ ሲቀነስ «ካርዱ ምን በላው?» እያላችሁ ልጁን ትቆጣላችሁ። ውጭ አገር ላሉ እኅቶቻችን ደግሞ የሚቀርበው የባንክ ካርድ ጥያቄ ነው፤ «ለማረጋገጫ ብቻ ነው፣ ምንም አንቀንስም» ይባልና በየወሩ መቀነሱ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን መጽሐፍ ነው ብሎ ሌላ ነገር የሚያወርደው ነው። መጽሐፍ ሲወርድ የስሙ መጨረሻ ፒ.ዲ.ኤፍ. ወይም ኢ.ፐብ. ይላል። ኤ.ፒ.ኬ. የሚል ከሆነ ያ የሚነበብ ነገር አይደለም፤ ስልካችሁ ውስጥ ገብቶ ሥራ የሚጀምር ፕሮግራም ነው። ስልኩ «ይህን ለመጫን ፈቃድ ስጥ» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ «እሺ» ካለው በኋላ የሚመጣላችሁን የባንክ መልእክት ሌላ ሰው አብሯችሁ ሊያነበው ይችላል።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። ዚ-ላይብረሪ የሚባለው፣ ከ11 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትን ያለ ደራሲዎቹ ፈቃድ ያከማቸው ድረ ገጽ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አድራሻዎቹ በአሜሪካ መንግሥት ሲወረሱ፣ ያንቀሳቅሱታል የተባሉ ሁለት የሩሲያ ዜጎችም አርጀንቲና ውስጥ ተይዘው ነበር። የእኛም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስሙን በደንብ ያውቁታል። ታዲያ የለመዱት በር ሲዘጋባቸው ተጠቃሚዎቹ ስሙን እየጻፉ ሲፈልጉ፣ ያንኑ ስም ያንኑ መልክ የያዙ አስመሳይ ገጾች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሳይበር ደኅንነት ተመራማሪዎች ከነዚህ አስመሳዮች አንዱ የሰበሰበውን መዝገብ ክፍት ሆኖ አገኙት። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል የመሳሰለው ምስጢራቸው በውስጡ ተጽፎ ነበር። አሥር ሚሊዮን ሰው መጽሐፍ ፈልጎ በሩን አንኳኩቶ፣ ስሙን አስመዝግቦ ሄደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ለኢሜይሉም፣ ለሌላውም ነገር አንድ የይለፍ ቃል ስለሚጠቀም ደግሞ ጉዳቱ በዚያው ገጽ ብቻ አይቆምም።

አሁን «ታዲያ እውነተኛውን የተሰረቀ ቅጂ የሚሰጡትስ?» የምትሉኝ አላችሁ። በቴሌግራም ቻናል የአማርኛ ልብ ወለድ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ በአንድ ቀን በየስልኩ እንደሚበተን አውቃለሁ፤ በፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ተገልብጦ በገጽ ተቆጥሮ እንደሚሸጥም አይቻለሁ። ወጥመዱ የቆመው በዚህ ልማድ ላይ ይመስለኛል። ልጁ የማንም ያልሆነ መጽሐፍ በየመንገዱ ወድቆ እንደሚገኝ ከለመደ፣ ወድቆ ያገኘውን ሁሉ ያነሣል። በሕጉ በኩል ያየነው እንደሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ስለሆነ የማንም ሆኗል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ግን መብቱ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ ያንን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ እንደ ነበር እናቶቻችን ይነግሩናል፤ የደሃ ቤት ያለ ስርቆት መጽሐፍ የሚሰማበት መንገድ ነበረው። በየሠፈሩ በሳንቲም መጽሐፍ እየተከራየ የሚነበብበትም ዘመን ነበር።

ዛሬም መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። የመማሪያ መጽሐፍን በሚመለከት በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ሚኒስቴር፣ ከዚያ በታች ያለውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ የሚያዘጋጀው ስለሆነ፣ መምህሩ ዘንድ ያለው ቅጂ ከማንም ያልተሰረቀ፣ ማንም ገንዘብ የማይጠይቅበት ነው። በፍላሽ ወይም ከስልክ ወደ ስልክ ብታስገለብጡ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም፣ የዳታ ጥቅልም አይበላም። ለሌላው ንባብ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር አለ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ። ከገፈርሳ አራት ኪሎ ድረስ መመላለስ ለልጅ ሩቅ መሆኑን አልክድም። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችል ልጅ የመብት ዘመናቸው ያለፈ የቆዩ መጻሕፍትን በነፃ የሚሰጠው ፕሮጀክት ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከ70 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት አሉት። ለታናናሾቹ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጭምር የተጻፉ ተረቶችን ያቀርባል። ሁለቱም ስልክ ቁጥር ሳይጠይቁ ያስነብባሉ። ልዩነቱን ከዚህ ልታዩት ትችላላችሁ፤ በእውነት በነፃ የሚሰጥ ሰው የማረጋገጫ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላስ? ልጁ ቁጥሩን ሞልቶ ከሆነ ከቁጣ በፊት ስልኩን ያዙ። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የቀድሞውን ባለቤት እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ስለዚህ በዚያው ዕለት ከደረሳችሁ እናንተ ሌባውን ታስወጡታላችሁ። «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ስትከፍቱ በስማችሁ የገቡት ስልኮች በዝርዝር ይታያሉ፤ ከራሳችሁ በቀር ሌላውን ሁሉ የሚያስወጣው ምልክት እዚያው አለ። ቀጥሎም ሁለተኛ የይለፍ ቃል አብጁ፤ እርሱ ካለ ባለ 5 አኃዙን ቁጥር ብቻ ይዞ የሚገባ የለም። የሞላችሁት የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ከሆነ ጊዜ ሳትሰጡ ቀይራችሁ ወደ 127 ደውሉ። የካርድ ሂሳብ በማታውቁት አጭር ቁጥር የሚቀነስባችሁ ከሆነ ወደዚያው ቁጥር «ስቶፕ» ብላችሁ ላኩ፤ ካልቆመ 994 ይጠየቃል። ለዘመድና ለዕቁብተኛ ግን በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ደውላችሁ ተናገሩ፤ በጽሑፍ የላካችሁትን ሌባውም ያነበዋል፣ ሊያጠፋውም ይችላል።

ገንዘብ ከተወሰደ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። ብዙ እናቶች «ለ3 ሺህ ብር ማን ይሰማኛል» ብለው ይተዉታል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ግን በዚህ ዓይነት ማታለል ገንዘብ የወሰደን ሰው በእስራትና በገንዘብ መቀጮ የሚቀጣ መሆኑን እወቁ። ገንዘቡ የተላከበት ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበትን መልእክት አታጥፉት፤ ማስረጃው እርሱ ነው። የገፈርሳዋ እናት በንዴት አጥፍተውት ስለነበር ከላኩት ሴቶች አንዷ ስልክ ላይ ነው የተገኘው።

ዕቁቡ አልፈረሰም። በሚቀጥለው እሑድ ሴቶቹ ተሰብስበው ልጅቱ ራሷ ቆማ ነገሩ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ቀይ ምልክቱን፣ ቁጥሩን፣ መሽከርከሩን አስረዳቻቸው። ከመሐላቸው ሁለቱ የገዛ ልጆቻቸው እንዲሁ ሞልተው እንደሆነ ለማየት እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ሲያስፈትሹ፣ በአንደኛዋ ስልክ የማይታወቅ መሣሪያ ገብቶ ተገኘና ወጣ። ብር የላኩት ሦስቱ ሴቶች ዕዳው በእናትየው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ግማሹን እንካፈል አሉ፤ ወይዘሮዋ መጀመሪያ እንቢ ብለው በመጨረሻ ተስማሙ።

የሒሳቡ መጽሐፍም ተገኝቷል። ከዕቁብተኞቹ የአንዷ ልጅ አምና ተፈትኖ ስለነበር በቤቱ ተቀምጦ ነበር። ጥቂት ገጾች ወልቀዋል፤ መልሱም በአንዳንዱ ቦታ በእርሳስ ተሞልቷል። ልጅቱ የተሞላውን በላጲስ እያጠፋች ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራለች።